የክንድን እንግዳ የሚሸኙልን ሲስተር የሺሐረግ

የሲስተር የሺሐረግን ዕረፍት የሰማሁት ጅጋ ገበያ ላይ ነው። በእኛ አገር መርዶ ፊት ለፊት አይነገርም። ጎረቤቴ ስመኝ ከእህል ተራው በኩል መጣችና ሰላምታ እንኳ ሳትሰጠኝ፣ ግራ ክንዷን በነጠላዋ ላይ ጨብጣ፣ «እንግዲህ ይኸ ነገር ከኔው ጋር መቀበሩ ነው» አለችኝ። ክንዷ ውስጥ ያለውን አውቃለሁ፤ ያስገባሁላት እኔ ነኝ። የክብሪት እንጨት የምታህል የወሊድ መቆጣጠሪያ ናት። የሚያወጡላት ደግሞ ሲስተር የሺሐረግ ነበሩ፤ ቀጠሮዋም በዚያው ሳምንት ነበር። ሌላ ቃል አላስፈለገኝም። ገበያው መሐል መሬት ላይ ተቀመጥሁ።

ኩላሊታቸውን ያማቸው ነበር። በዚያ ሰሞን መንገዱ ተዘግቶ መኪና አይንቀሳቀስም፤ ሕመሙ ሲጠናባቸው የመንደሩ ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ ወደ ፍኖተ ሰላም ሲወስዳቸው መንገድ ላይ አረፉ። ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነው እየተባልን አድገናል። በዚያ ቀን መንገዱም ሰላሙም አልነበረም። ይህን ለስለስ አድርጌ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም።

ለማያውቀኝ፣ እኔ ከማንኩሳ ራቅ ባለች ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። ሲስተር የሺሐረግ እኛ ሴቶችን የምንልክበት ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ነበሩ። ሥራውን ወረቀት ላይ ሌሎች አስተምረውኛል፤ ሰው ፊት እንዴት እንደሚሠራ ያስተማሩኝ ግን እሳቸው ናቸው። አገሬው «እትየ የሺ» ይላቸዋል፤ እኔም ከዚህ በኋላ እንደዚያው ልበላቸው።

በለቅሶው ላይ «ደግ ነበሩ» ሲባል ሰማሁ። ደግስ ነበሩ፤ ነገር ግን ቁጡም ነበሩ። ጥፍሯን ሳትቆርጥ የመጣች ሠራተኛ ከክፍላቸው ትባረራለች። በነጭ ጋወናቸው ኪስ የተቆላ ሽምብራ አይጠፋም፤ ሲናደዱ ይቆረጥሙታል፤ ሽምብራው ሲንኮሻኮሽ ከሰማን ሁላችንም ሥራ ያለን እንመስላለን። ዘመድ ሲሞት ሁሉ መልአክ ይሆናል፤ እሳቸውን መልአክ ስታደርጉብኝ ግን ደስ አይለኝም፤ ምክንያቱም መልአክ ማንንም አይቆጣም።

ወደ ክፍላቸው የገባች ሴት መጀመሪያ የምታየው ጠረጴዛውን ነው። ኪኒኑ፣ መርፌው፣ በክንድ የሚገባው፣ በማኅፀን የሚቀመጠው ሉፕ፣ ኮንዶሙም ሳይቀር ተደርድሮ ይጠብቃታል። አማት አብራ ከመጣች «እናቴ፣ መንገዱ አድክሞዎታል፣ እስቲ ጥላው ሥር አረፍ ይበሉ» ብለው በአክብሮት ያስወጣሉ። ባል ከመጣ በቅሎውን ውኃ እንዲያጠጣ ይልኩታል። በቅሎ ባይኖረውም ይልኩታል። ከዚያ በሩን ይዘጉና፣ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ይላሉ።

ይህን ጥያቄ ስንቷ ሴት ተጠይቃ ታውቃለች? ብዙዎቹ ግራ ይገባቸውና «እንግዲህ እርስዎ ያሉኝን» ይላሉ። «እኔ ያልሁሽንማ አልሰጥሽም፤ ነገ ሲያምሽ የሺ ናት ያደረገችኝ ልትዪ ነው» ብለው ያስቋታል። ሁሉንም አንድ በአንድ እያነሱ፣ ጥቅሙን ብቻ ሳይሆን የሚያስከትለውንም ጣጣ ሳይደብቁ ይነግሯታል። ከቡሬ ወዲያ ለመጡት የአዊ ሴቶች በእናታቸው ቋንቋ በአገውኛ ይደግሙላቸዋል። «ኪኒን ጾም አያስፈታብኝም?» ለምትለዋ፣ «ማታ ከእራት በኋላ ዋጪው፤ ጾሙም ኪኒኑም አይጋፉም» ይላሉ።

አንድ ቃል ነበረች የማይወዷት። በክንድ የሚገባውን ሁላችንም «የሚቀበረው» እንል ነበር፤ ያሠለጠኑንም እንደዚያው ነበር የሚሉን። አንድ ቀን እኔ ለሴቶች ሳስረዳ ሰምተው፣ «አንቺ ልጅ፣ የጤና ሠራተኛ ነሽ ወይስ ቀባሪ?» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው ግን ሽምብራቸውን መቆርጠም ጀመሩ። ለካስ ግሽ ዓባይ አካባቢ ሲሠሩ አንዲት ሴት አጋጥማቸው ኖሯል። ልጅ እየፈለገች፣ ጊዜው ያለፈበትን ዘንግ ክንዷ ውስጥ ይዛ፣ ሳታስወጣ ዘመን አሳልፋለች። ለምን ዝም እንዳለች ሲጠይቋት፣ «ምን ላድርግ እትየ፤ የተቀበረ ይወጣል እንዴ?» አለቻቸው። ማንም አልዋሻትም። ቃሉን እንደሰማችው አመነችው።

ከዚያ ወዲህ ስሙን ለወጡት፤ «እንግዳ» ይሉታል። «እንግዳ ነው፤ ከጠራሽው ይመጣል፤ ሲበቃሽ ትሸኚዋለሽ። ባለቤቷ አንቺ ነሽ» ይላሉ። ስሙ በአገሩ ተዛመተ። ገበያ ላይ «የክንድ እንግዳ አለብኝ» የምትል ሴት ከሰማችሁ የእትየ የሺ ናት።

እንግዳን መሸኘት ግን እንደመቀበሉ ቀላል አልነበረም። ተዋበች የምትባል ከጅጋ ማዶ የምትኖር ሴት የመጣች ዕለት እኔም ክፍሉ ውስጥ ነበርሁ። ከበላይ ለቁጥጥር የመጣ አንድ ወጣት ባለሙያም ነበር።

«ደሙ አልቆም አለኝ እትየ» አለች ተዋበች። «ጠብ ጠብ ይላል። እሱ ካለ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን አልገባ። ለፋሲካ እንኳ ቅዳሴውን የሰማሁት ከቅጥሩ ውጭ ዛፍ ሥር ሁኘ ነው። አውጡልኝ በሞቴ።»

ወጣቱ ቀድሞ መለሰላት። «ይኸ የተለመደ ነው እህቴ፣ ጉዳት የለውም። ጊዜው ገና ስለሆነ ታገሺ።» ወደ እትየ የሺ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሲስተር፣ የጠየቀችን ሁሉ ካወጣን እኮ ዕቅዱ ላይ እንወድቃለን።»

«ዕቅዱ የማን ክንድ ውስጥ ነው ያለው?» አሉት።

የያዘውን መዝገብ ገለጥ ገለጥ አደረገ።

«ጉዳት የለውም አልህ። ልክ ነህ፤ በሕክምናው የለውም። እሷ ግን ከቅጥር ውጭ ቆማ ከርማለች። ከዚህ በላይ ምን ጉዳት ይምጣልህ?» አሉና እጃቸውን ሊታጠቡ ተነሡ። እየታጠቡም፣ «ሰው ወዶ የገባበት ቤት መውጫው ከተዘጋበት እስር ቤት ነው፤ እኔ ደግሞ የእስር ቤት ዘበኛ አይደለሁም» አሉ።

አወጡላት። ክንዷን አሥረውላት ሲጨርሱ እንደገና «አሁንስ ምን ትያለሽ?» አሏት። «ትንሽ ምንም ሳይነካኝ ልክረም» አለች ፈራ እያለች። «ክረሚ። እርግዝናው ግን ከዛሬ ጀምሮ ሊመጣ እንደሚችል እወቂ። ሐሳብሽ ከተለወጠ በሩ ክፍት ነው» አሏት። «ኮንዶሙንስ?» ቢሏት፣ «እሱንማ ባሌን ይጠይቁት፣ የሚያጠልቀው እሱ» ብላ አፏን ሸፈነች። እትየ የሺ እስኪያነቡ ሳቁ፤ ባልየውንም እውነትም አስጠርተው ጠየቁት። ያ ወጣት ባለሙያ ሳይስቅ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህም በስብሰባ ሁሉ ስማቸው በክፉ ይነሣ ነበር።

የተቀረው ነገር ነው የሚያንገበግበኝ። እኛን የኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ማስገባት አሠልጥነውናል፤ ማውጣት ግን አላሠለጠኑንም። የዚህን ትርጉም እስቲ አስቡት። በየቀበሌው እንግዳውን የሚያስገባ እጅ ሞልቷል፤ በአካባቢያችን የሚያወጣው እጅ አንድ ነበር፤ እሱም አፈር ገባ። እትየ የሺ ይህን አውቀው ሰው እንዲሠለጥን ሲጮኹ ኖረዋል፤ «መንገድ ሲከፈት» ተባሉ። መንገድ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ አሠልጣኝ ግን አልመጣም። እኔን ከጎናቸው አቁመው ያሳዩኝ ነበር። አንድ ቀን ቢላዋውን ልያዝ ብላቸው፣ «ቆይ፣ ገና ነሽ። የክንድ ጅማት እንደ ሽንኩርት አይከተፍም» አሉኝ። ገና እንደሆንሁ ቀሩ።

በቀብራቸው ዕለት ሴቱ ከየአቅጣጫው በእግሩ መጣ። እንዲያ ያለ ለቅሶ አይቼ አላውቅም። ሌላ ጊዜ አልቃሽ ደረቷን ትመታለች፤ በዚያ ቀን ግን ሴቶቹ ግራ ክንዳቸውን ጨብጠው ነበር የሚያለቅሱት። አንዲት አሮጊት ተነሥተው እንዲህ አሉ፦

«ለሰው ስታስመርጥ የኖረች እመቤት፣
ምረጪ እንኳ ሳይላት ዋጣት ጥቁር መሬት።»

ከዚያ በኋላ ማንም ማንንም ማጽናናት አልቻለም። እኔም አልቻልሁም። አንዷ ጆሮዬ ሥር «የእኔንስ ማን ያወጣልኛል?» አለችኝ፤ ሌላዋም፣ ሌላዋም። ለሁሉም «እግዚአብሔር ያውቃል» አልሁ። እግዚአብሔርማ ያውቃል፤ የማያውቁት ሌሎች ናቸው።

ዛሬ ጠረጴዛቸው እዚያው አለ። በላዩ የቀረው መርፌ ብቻ ነው። በቦታቸው የተተካ የለም፤ ያለችው አንዲት ልጅ ሴቶቹን «ያለው ይኸ ነው» ትላቸዋለች፤ ምን ታድርግ፣ እውነቷን ነው። ሴቶቹም ክንዳቸውን ለመርፌው ይሰጣሉ ወይም ዝም ብለው ይመለሳሉ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?» የሚል ድምፅ ከዚያ ክፍል ጠፋ።

ስመኝ ቡሬ ድረስ በእግሯ ሄዳ ነበር። «ጊዜው አልደረሰም፣ ምን አስቸኮለሽ?» ብለው መለሷት። ፍኖተ ሰላም ለመሄድ ስትነሣ መንገዱ ተዘጋ። ለምን ማስወጣት እንደፈለገች አልነግራችሁም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። እትየ የሺ ምክንያት አይጠይቁም ነበር። ትናንት ቤቴ መጥታ ደጃፌ ላይ ተቀመጠች። ከመቀነቷ ውስጥ በወረቀት የተጠቀለለ ምላጭ አወጣች። «ወይ አንቺ አውጭልኝ፣ ወይ እኔው ላውጣው» አለችኝ። እትየ የሺ ሲያወጡ ብዙ ጊዜ ስላየሁ የምችል መሰለኝ፤ እንደማልችልም አውቃለሁ። ለመንኋት። መንገዱ እስኪከፈት ታገሺ አልኋት። ያን ወጣት ባለሙያ መሰልሁ፤ የራሴ ድምፅ አስጠላኝ።

እትየ የሺ፣ እንግዲህ ደኅና ይሁኑ። እንደ ወጉ ነፍስዎ ዕረፍት ታግኝ ማለት ነበረብኝ፤ ታግኝ። እኔ ግን በእርስዎ ማረፍ ማረፍ አልቻልሁም። «እበረታለሁ» እንድልዎ አይጠብቁ፤ የምበረታበት ነገር አጣሁ። እዚያ ያሉበት ቦታ የሚጠይቅዎ ካለ፣ ማንም ሴት ሳትፈቅድ ክንዷን እንዳልነኩ፣ ፈቅዳም መውጫውን እንዳልዘጉባት ይንገሩልን። ከእኛ በኩል ደግሞ ይህን ይስሙ፤ ሌላ የምነግረው ሰው የለኝም። ስመኝ አልቅሳ አልቅሳ ወደ ቤቷ ሄዳለች። ምላጩን ተቀብያታለሁ። ግን እትየ የሺ፣ ምላጭ በየሱቁ ይሸጣል።