ጓድ ጸሐፊ፣ ተኽሉ የት ነው?

እትዬ ትሕሽ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። ስምንት ዓመት አብረን ሠርተናል። ሁለታችንም የምንኖረው አምስተርዳም፣ ስሎተርቫርት የሚባል ሰፈር ነበር፤ በማለዳ ጣቢያ ተገናኝተን በባቡር ዴን ሃግ ከተማ እንወርድና ሠራተኞቹ ሳይገቡ የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ሁለት ፎቅ እናጸዳለን። የአስመራ ሰው ናቸው፤ ልጅ ሳሉ ግን አዲስ አበባ አክስታቸው ዘንድ ስላደጉ አማርኛቸው የእኔን የወሎዬዋን ያስንቃል። «ሙሂባ፣ ቃላትሽን አትዋጪ» እያሉ ያርሙኝ ነበር።

የባላቸውን ነገር የነገሩኝ በሦስተኛው ዓመት ነው። ተኽሉ የመብራት ኃይል ሠራተኛ ነበር። በደርግ ዘመን፣ አስመራ በአፋኝ ጓድ ስትታመስ፣ አንድ ቀን ለምሳ ቤቱ እንደተቀመጠ ወሰዱት። እጁን እንኳ አልታጠበም። እትዬ ትሕሽ ሦስት ወር ሙሉ በየቀኑ ቀበሌ ተመላለሱ። የቀበሌው ጸሐፊ ኣንገሶም የሚባል የዚያው ሰፈር ልጅ ነበር፤ የሚወሰዱትን ሰዎች ስም የሚጽፈውም እሱ ነበር። በትግርኛ ሲጠይቁት «በመንግሥት ቋንቋ ተናገሪ» ይላቸዋል። በአማርኛ ሲጠይቁት ደግሞ «እዚህ የለም» ይላቸዋል። በመጨረሻ የተኽሉን ጃኬት በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጣቸውና እንዳይመለሱ ነገራቸው። ሬሳም መቃብርም አላዩም። በሱዳን አድርገው ሆላንድ ገቡ።

በፈረንጆቹ 1993 ዓ.ም. ደርግ ወድቆ ኤርትራ ነፃነቷን በድምፅ ልታውጅ ተሰናዳች። እዚህ ያሉትም እንዲመርጡ መታወቂያ ማውጣት ነበረባቸው፤ መታወቂያውን ለማግኘት ደግሞ ኤርትራዊነትን የሚመሰክሩ ሦስት ሰዎች ያስፈልጋሉ። አንድ ቀን የምዝገባው ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ኣብርሃ ከሮተርዳም ደወሉላቸው። አንድ ሰው ከእርስዎ ሰፈር ነኝ ይላል፣ ሁለት ምስክር አለው፣ ሦስተኛ ጎደለው፤ ያውቁት እንደሆነ አሏቸው። ስሙን ጠየቁ። ኣንገሶም ነው ተባሉ።

እትዬ ትሕሽ «በደንብ አውቀዋለሁ፤ እመጣለሁ» ብለው ስልኩን ዘጉ።

አብሬያቸው እንድሄድ ለመኑኝ። ሮተርዳም፣ በተከራዩት የትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ሰው ተሰልፏል፤ ልጆች ባንዲራ ይዘው ይሯሯጣሉ። ሰውየው ጠጉሩ ሸብቷል፣ ጥሩ ሱፍ ለብሷል። ሲያያቸው ፊቱ አመድ ሆነ። እሳቸው ከኮሚቴው ጠረጴዛ ፊት ቆመው በአማርኛ ጀመሩ፤ እኔም ሁሉን የሰማሁት ለዚያ ነው። አቶ ኣብርሃ ለምን በአማርኛ ብለው ቢጠይቋቸው፣ ከዚህ ሰው ጋር የምነጋገርበት ቋንቋ ይህ ነው አሏቸው። ከዚያ ሁሉንም ተናገሩ፤ ምሳውን፣ ቀበሌውን፣ በጋዜጣ የተጠቀለለውን ጃኬት።

አቶ ኣብርሃ ክፉ ሰው አልነበሩም። ላብ አጥምቋቸው፣ «ወይዘሮ ትሕሽ፣ እዚህ የምንጠይቅዎ ኤርትራዊ መሆኑን ብቻ ነው። ነው ወይስ አይደለም?» አሉ።

«ነው» አሉ እትዬ ትሕሽ።

በእሳቸው ቃል መታወቂያውን አገኘ።

እኔ በዚህ የሚያበቃ መስሎኝ ነበር። በዓመቱ ግን ኣንገሶም የኤርትራውያን ማኅበር ኮሚቴ አባል ሆኖ ተመረጠ። ያኔ «ኢትዮጵያ ትቅደም» እያለ ሰልፍ ያስወጣ የነበረ ሰው፣ አሁን በነፃነት በዓል ባንዲራ ይዞ ጭፈራ ይመራል፤ ስለ ሰማዕታት ንግግር ያደርጋል። እትዬ ትሕሽ አቤት ቢሉ፣ አገሪቱ አዲስ ናት፣ ቁስል አንቀስቅስ፣ በቀል የደርግ ነው ተባሉ። ዴን ሃግ አንድ ጠበቃ ዘንድም ሄድን። በአክብሮት አዳመጣቸውና ማስረጃ ጠየቃቸው። የነበራቸው ማስረጃ ጃኬቱ ነው።

ከዚያ የራሳቸውን መንገድ ያዙ። ሰርግ ይሁን ልቅሶ፣ ክርስትና ይሁን የነፃነት በዓል፣ ኣንገሶም ይገኛል ከተባለ ጥቁር ለብሰው ይሄዳሉ። ፊት ለፊቱ ወንበር ስበው ይቀመጣሉ። ሰው ሁሉ ሲረጋጋ፣ በዚያ ቀስ ባለ ድምፃቸው «ጓድ ጸሐፊ፣ ተኽሉ የት ነው?» ይሉታል። ሌላ ቃል አይጨምሩም። ምግብ አይቀምሱም። እሱ ተነስቶ እስኪወጣ ይጠብቁና እሳቸውም ይወጣሉ። ሁለት ዓመት እንዲህ አደረጉ። መጀመሪያ ሰው ተቆጣቸው፤ ቀስ በቀስ ግን እሱን መጥራት ተወ። አይደክሙም ወይ ስላቸው፣ ጥሩ እንቅልፍ የሚወስዳቸው በዚያ ቀን ብቻ እንደሆነ ነገሩኝ። ሲነግሩኝ ፈገግ ብለው ነበር፤ ፈገግታቸው አስፈራኝ።

በ1996 መጀመሪያ አንዲት ልጃገረድ ቤታቸውን አንኳኳች። እኔም እዚያው ነበርኩ። ሃበን ትባላለች፣ የኣንገሶም ልጅ ናት፣ አሥራ ሰባት ዓመቷ። አዲስ አበባ ስለተወለደች አማርኛ ትችላለች፤ እዚህ ስላደገች ግን አንቱታ አታውቅም።

«አባቴን የምታሳድጅው አንቺ ነሽ?» አለች ቆማ።

አስቀመጧትና ምንም ሳያስቀሩ ነገሯት። እኔ ልጅቷ አሳዘነችኝና በዓይኔ ምልክት ሰጠኋቸው፤ አይተው እንዳላዩ ሆኑ። የጃኬቱ ኪስ ውስጥ ስላገኙት የመብራት ፊውዝ ሳይቀር ነገሯት። ሃበን ያቀረብኩላትን ሻይ ሳትነካ፣ ምን እንደሚፈልጉ ጠየቀቻቸው።

«የት እንደቀበሩት ይንገረኝ።»

በሁለተኛው ሳምንት ኣንገሶም ራሱ መጣ። ከስቷል። ቦታውን እንደሚያውቅ፣ አሁኑኑ ሊነግራቸው እንደሚችል፣ እሳቸው ግን እንዲተዉት ለመነ። እትዬ ትሕሽ አሥራ ስምንት ዓመት የጠበቁት ቃል ደጃቸው ቆሞ ነበር። እኔ ብሆን እግሩ ላይ በወደቅሁ።

«እዚህ አልሰማህም» አሉት። «ለግንቦቱ በዓል፣ አዳራሽ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ ባለበት ትናገራለህ።»

«ልጄ አለች፣ ትሕሽ።»

«እሷም ትስማ።»

ተናገረም። ግንቦት ላይ፣ ጭፈራው ተቋርጦ፣ ማይክራፎኑን ይዞ ተናገረ። በትግርኛ ጀምሮ ነበር፤ እትዬ ትሕሽ ከተቀመጡበት «በመንግሥት ቋንቋ ተናገር» አሉት። እንደገና በአማርኛ ጀመረ። የተኽሉን ስም የጻፈው እሱ ነው። ከሌሎች አሥራ አንድ ሰዎች ጋር ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ የድንጋይ ካባ ጀርባ ቀበሩት። ስማቸውን በተራ ጠራ። ስድስተኛው ላይ ሲደርስ ከኋላ አንድ ሽማግሌ ወንድሜ ነው ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ። ሃበን በሩ አጠገብ ቆማ ነበር፤ አባቷ ሳይጨርስ ወጣች። እትዬ ትሕሽን አየኋቸው። ጉንጫቸው ቀልቶ፣ ዓይናቸው በርቶ፣ ሙሽራ መስለው ነበር።

በዚያው ክረምት አስመራ ሄዱ። ካባው ተደልድሎ በላዩ የሲሚንቶ መጋዘን ተሠርቶበታል። አንድ ታጋይ የነበረ ወጣት ሹም በትሕትና ተቀብሏቸው፣ ሜዳ የወደቁት ታጋዮች አጥንት ገና ተሰብስቦ እንዳላለቀ፣ በከተማ የተገደሉትም ተራ እንደሚደርስ፣ በትዕግሥት እንዲጠብቁ ነገራቸው። የመጋዘኑን አጥር ዞረው ተመለሱ። ይህንን ዴን ሃግ መስኮት እየወለወልን ነገሩኝ፤ ከዚያ ወዲያ ደግመው አላነሱትም።

ኣንገሶም ከዚያ በዓል ወዲህ ከቤት አልወጣም። ሚስቱ ትታው እህቷ ጋ ገባች። በ1998 ኩላሊቱ ታመመና ሮተርዳም ሆስፒታል ተኛ። የደወለችልን ሃበን ናት፤ ይቅርታ ሊጠይቅ ይፈልጋል አለች። ሄድን። እትዬ ትሕሽ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ከአልጋው ግርጌ ቆሙ። ሰውየው አለቀሰ፣ ይቅር በይኝ አለ።

«ሰምቻለሁ» አሉት፤ ዞረውም ወጡ።

በባቡር ስንመለስ እኔ አልቻልኩም። አላህ እንኳ ይምራል፣ ሊሞት የተቃረበ ሰው ነው፣ አንድ ቃል ቢሰጡት ምን ነበረበት አልኳቸው። አልተቆጡም። ይቅርታው የተኽሉ እንጂ የእሳቸው እንዳልሆነ፣ ሰውየውም ወደ ተኽሉ ለመሄድ ጥቂት ቀን እንደቀረው ነገሩኝ።

በአምስተኛው ቀን ሞተ። እሳቸው ሥራ ገቡ፤ እኔ ግን ለሃበን ስል ቀብሩ ላይ ተገኘሁ። ከአሥር ሰው አንበልጥም ነበር። በማግስቱ ባቡር ላይ ስንገናኝ ብዙ አልጠየቁኝም።

«ልጅቷ አለቀሰች?» አሉ።

«አዎ፣ መቃብሩ ላይ ተደፍታ።»

ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«ታልቅስ» አሉ። «እሷስ የምትደፋበት አላት።»