ብዙ ጊዜ ያልተነካው ሻንጣ

የልጅ ልጄ ጭኔ ላይ ያስቀመጠችው ኮምፒውተር ትኩሳት እንደያዘው ሕፃን ይሞቅ ነበር። ውስጡ ያለችው ማራገቢያ ታጉረመርማለች። ከጎኑ የሚወጣው ትኩስ አየር የተቃጠለ አቧራ ይሸታል። ያ ሽታ ነው መጀመሪያ የረበሸኝ።

«ያዙልኝ እማማ፣ ላስረዳዎት» አለች። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ በማግስቱ ክፍል ፊት ቆማ የምታስረዳው ትምህርት ነበራት። «እርስዎ ከገባዎት ለማንም ይገባዋል።»

«እኔ ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት።»

«ለዚህ እኮ ነው የፈለግሁዎት።»

ኮምፒውተር ውስጥ ሜሞሪ የሚሉት ፈጣን ግን ጠባብ ቦታ አለ አለችኝ። ዲስክ የሚባል ሰፊ ግን ዘገምተኛ ቦታም አለ። ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚሉት ተቆጣጣሪ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም በሜሞሪው ላይ ቦታ ይሰጣል፤ አንዱ የሌላውን እንዳይነካ ይጠብቃል፤ የማን ምን የት እንዳለም ይመዘግባል። ሜሞሪው ሲሞላ ብዙ ጊዜ ያልተነካውን ወደ ዲስክ ያወርዳል፤ ሲፈለግ መልሶ ያመጣዋል።

ግራ ገባኝ። ግራ የገባኝ ግን ስላልገባኝ አልነበረም። ይህን ሥራ ሠርቼዋለሁ።

አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ከተማችንንም ናዝሬት ነበር የምንላት። ባቡር ጣቢያው አጠገብ አንዲት ሴት ነጋዴዎች ጓዛቸውን የሚያስቀምጡበት ክፍል ነበራት፤ እኔ ጠባቂዋ ነበርኩ። ክፍሉ ሽንኩርት፣ ቅቤና የባቡር ዘይት ይሸታል። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ በቆርቆሮው ቀዳዳ ገብታ ወለሉ ላይ ነጠብጣብ ትሠራለች። ሴቶቹ በቦታ ይጣሉ ስለነበር ወለሉን በጠመኔ ከፋፍዬ ለእያንዳንዷ ድርሻዋን ሰጠሁ። የአንዷ ጆንያ በጣት ያህል እንኳ የሌላዋን መስመር ካለፈ እገፋው ነበር።

«ይቺ ልጅ ዳኛ ናት እንጂ ዘበኛ አይደለችም» ይሉኝ ነበር እየሳቁ።

ክፍሉ ሲሞላ ብዙ ቀን ያልተነካውን ዕቃ ጓሮ ወዳለው መጋዘን እወስዳለሁ። ባቡሩ ፊሽካ ነፍቶ የጓሮው ዕቃ የተፈለገ እንደሆነ ግን ወዮልኝ፤ የመጋዘኑን እንቢተኛ ቁልፍ ታግዬ እስክመለስ እሰደባለሁ። የትኛው የት እንዳለና መጨረሻ መቼ እንደተነካ በደብተር እጽፍ ነበር። ማንም አላዘዘኝም፤ ለማንም እንዳላደላ ብዬ ነው።

«መጋዘኑም ቢሞላስ?» አልኳት የልጅ ልጄን።

«ያኔ አንዱን ፕሮግራም ይዘጋዋል። ብዙውን ጊዜ ብዙ ቦታ የያዘውን።»

«ሳያስጠነቅቀው?»

«ፕሮግራም እኮ ነው፣ እማማ።»

እኔ ግን በሐሳብ ወደዚያ ክፍል ተመልሼ ነበር።

የፋሲካ ሰሞን ነበር። ክፍሉም መጋዘኑም ጢም ብሎ፣ ሌሎች ሴቶች ጓዛቸውን ተሸክመው በር ላይ ቆመዋል። ባለክፍሏ የሽንኩርት ነጋዴዋን አራት ጆንያ ወደ ግቢው አውጪው አለችኝ። «ቦታውን የበላው እሱ ነው። ሽንኩርት ውጭ ቢያድር ምን ይሆናል?»

እምቢ አልኩ። ሽንኩርት ነጋዴዋ በየቀኑ እየመጣች ዕቃዋን የምታይ ሴት ናት፤ ትልቅ ስለሆነ ብቻ መውጣት አለበት? ደብተሬን ገለጥኩ። ከሁሉ ረጅም ጊዜ ያልተነካው በገመድ የታሰረ የካርቶን ሻንጣ ነበር፤ ሦስት ወር ማንም አልጠየቀውም። የአንዲት ከአርሲ የምትመጣ ቅቤ ነጋዴ ነው። ድሮ ከልጇ ጋር ነበር የምትመጣው፤ ልጅቷ ከእኔ ትንሽ ታንሳለች፤ እናቷ ገበያ ውላ እስክትመለስ አጠገቤ ተቀምጣ በጠመኔዬ ወፍ ትስል ነበር። ሻንጣውን ያስቀመጠችው ቀን ግን ብቻዋን ነበረች። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም።

ሻንጣውን ከመጋዘኑ አውጥቼ ግቢው ውስጥ ከግንቡ ሥር አኖርኩት። ከሰዓት በኋላ ዝናብ መጣ፤ እኔ በር ላይ ከተሰለፉት ጋር እየተጨቃጨቅሁ ነበር።

ሴትየዋ በማግስቱ መጣች። ወደ ግቢው ወሰድኳት። ካርቶኑ አብጦ ጎኑ ተቀዶ ነበር። ተንበርክካ ገመዱን ፈታች። የልጅቷ የትምህርት ቤት ልብስ፣ ሁለት ደብተሮች፣ አንድ ፎቶግራፍ። ቀለሙ ሁሉ ፈስሶ ሰማያዊ ውኃ ሆኗል። ፎቶው ከደብተሩ ሽፋን ጋር ተጣብቆ ነበር፤ ቀስ ብላ ስታላቅቀው የልጅቷ ፊት ሽፋኑ ላይ ቀረ።

ልጅቷ መሞቷን ያወቅሁት ያኔ ነው። «ቤት ሆኖ እያየሁት መኖር አልቻልኩም» አለችኝ። «ለዚህ ነው አንቺ ዘንድ ያስቀመጥኩት። አንቺ ጠንቃቃ ነሽ ሲሉ ሰምቼ።»

«ኮምፒውተሩ ዕቃው ምን እንደሆነ አያውቅም» እያለች ነበር የልጅ ልጄ። «መቼ እንደተነካ ብቻ ነው የሚያውቀው።»

እኔም ያንኑ ብቻ ነበር የማውቀው። ለማንም አላዳላሁም። እስከ ዛሬ ምን ማድረግ እንደነበረብኝ አላውቅም፤ አራቱን ጆንያ ባወጣም ሽንኩርት ነጋዴዋን እበድል ነበር። አሁንም ሳስበው ይምታታብኛል።

ሴትየዋ አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እርጥቡን ልብስ እያጠፈች ቀና ብላ አየችኝ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺ አብረሻት ትውዪ ነበር» አለች። «የተሸረፈው ጥርሷ በየት በኩል ነበር? ሰሞኑን እየጠፋኝ ነው።»

«በቀኝ» አልኳት ወዲያው።

ራሷን ነቀነቀች፤ በቀኝ፣ በቀኝ እያለች ሻንጣዋን አቅፋ ሄደች።

እርግጠኛ አልነበርኩም።