የካርቶኑ የሮማ ስታዲየም

ትናንት ልጄ ለትምህርት ቤት ካርቶን ስታጣብቅ የሙጫው ሽታ ቤቱን ሞላውና ጋሼ ወርቁ ትዝ አሉኝ።

በዘጠናዎቹ፣ አሜሪካ ውስጥ ቴምፕል በሚባል ቦታ ስንኖር፣ ቤዝመንታችንን፣ የቤታችንን ምድር ቤት፣ የተከራዩ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነበሩ። እማዬም አባዬም የሥራ ሺፍት ስለነበራቸው ከትምህርት ቤት ስመለስ የምቆየው እሳቸው ዘንድ ነው። የስድስተኛ ክፍል ፕሮጀክቴ የጥንት ሮማውያን ስታዲየም ነበር። እሳቸው ካርቶኑን ይቆርጡልኛል፤ እኔ የተማርኩትን በተሰባበረ አማርኛዬ እነግራቸዋለሁ፦ ሕዝብ ፊት በሰይፍ ስለሚፋለሙት፣ ለአንበሳ ስለሚጣሉት እስረኞች።

«የሚያየው ሕዝብስ ምን ያደርጋል?» አሉኝ።

«ያጨበጭባል ጋሼ። ማለቴ፣ በጣም ደስ ይለዋል።»

መቀሱን አስቀመጡ።

«ደስ ሳይለውም ያጨበጭባል፣ ልጄ» አሉ። «በደርግ ጊዜ ታናሽ ወንድሜን አደባባይ አውጥተው በገደሉት ቀን የቀበሌውን ሰው ሁሉ ሰብስበው አጨብጭቡ አሉን። እናቴ አጠገቤ ቆማ ነበር።»

«እርስዎስ አጨበጨቡ?» አልኳቸው። ልጅ ነበርኩ።

እሳቸውም «ግድግዳው እንዳይወድቅ ያዢልኝ» ብለው ሙጫውን አነሱ።

በዚያው ሳምንት እሑድ ቤተ ክርስቲያን መዘምራኑ ሲጀምሩ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ዞሬ ጋሼን አየኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው አብረው ይዘምራሉ፤ ሁለት እጆቻቸው ግን ጉልበታቸው ላይ ነበሩ። እማዬ ጎንተል አድርጋኝ «አጨብጭቢ እንጂ!» አለችኝ።

አጨበጨብኩ። ጋሼ ካረፉ ብዙ ዓመት ሆነ፤ እኔ ግን ዛሬም ሰው ሲያጨበጭብ እጄ ይከብደኛል።