ሁለት ስም ያላት ልጅ

ባለፈው ሳምንት የወንድሜ ልጅ በነርስነት ስትመረቅ ሙሉ ስሟን ጠሩት፤ «አስቴር ንካንዬዚ ታደለ»። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት የዙሉ እናት፣ ግማሹ የእናንተ ግማሹ የእኛ እንዴት ሆነ ብለው ጠየቁኝ። እኔ ሳይጠይቁኝም የማወራ ሰው ነኝ፤ ሲጠይቁኝማ ማን ሊያቆመኝ።

ያኔ ገና ወጣት ነበርኩ። እዚሁ በስደት አገራችን፣ ክሊፕታውን በሚባል ሰፈር ውስጥ ከታላቅ ወንድሜ ከታደለና ከሚስቱ ከብርቄ ጋር ከሱቃችን ጀርባ እንኖር ነበር። የቤቱ ባለቤት ጠዋት ጠዋት ማግዊንያ እየጠበሱ የሚሸጡ አሮጊት ነበሩ፤ ሁላችንም እንደ አገሩ ጎጎ፣ አያቴ፣ እንላቸው ነበር። ማግዊንያ የኛ ቦምቦሊኖ ታላቅ ወንድም ነው፤ ስኳሩ ባይኖረውም ሆድ በመሙላት አይታማም።

ብርቄ በአንድ ንጋት ሴት ልጅ ስትወልድ ጎጎ ሕፃኗን አቀፉና «ንካንዬዚ» አሏት፤ ኮከብ ማለታቸው ነው። ታደለ ወዲያው ተቀበለ። እዚህ የተወለደች ልጅ የዚህ አገር ስም ይኑራት፣ ነገ ትምህርት ቤት መጤ እንዳይሏት አለ። ብርቄ ግን ገና እርጉዝ ሳለች ስሟን መርጣ ነበር፤ አስቴር፣ ቀብራቸው ላይ ያልደረሰችላቸው የእናቷ ስም። ጎጎ በእነሱ ዘንድ ስም ያለ ትርጉም አይወጣምና፣ አስቴር ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁ። ማናችንም አናውቅም።

«እናቴ ማለት ነው» አለች ብርቄ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ቤት አልሆነም። ባልና ሚስት የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ሆነ። ታደለ ደግሞ አንዴ ካለ አለ ነው። ክርስትናዋ ሲቃረብ ልጅቷ አሁንም «ሚጣዬ» ብቻ ነበረች፤ እኔም በሁለቱ መሃል መላላኩ ሰለቸኝ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጥንታዊ ቋንቋዎች የሚያስተምሩ አንድ ዶክተር ለወጣቶች ስለ መጽሐፍ ቅዱስ ስሞች ያወሩ ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔ የተቀመጥኩት ለሚታደለው ዳቦ ነው። ዕብራውያን በፋርስ መንግሥት ሥር ሲኖሩ የፋርስ ስሞች መጽሐፋቸው ውስጥ ገቡ አሉ። ዳርዮስ «መልካሙን የያዘ»፣ ሚትሪዳጡ ደግሞ «ሚትራ የሰጠው» ማለት ነው፤ ሚትራ የፋርሶች አምላክ ነበር። ዳቦዬን እያኘክሁ ስሰማ ቀጠሉና፣

«አስቴርም በወገኖቿ ዘንድ ሀደሳ ነበረች። አስቴር በሰው አገር የተጠራችበት ስም ነው። ከፋርስኛ የመጣ ነው፣ ኮከብ ማለት ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ሌሎች ደግሞ...» አሉ።

የሌሎቹን ለመስማት አልቆየሁም።

ከታክሲ ስወርድ የከሰዓቱ ዝናብ ከነነጎድጓዱ ወረደ። በስብሼ ገብቼ ጎጎንም፣ ታደለንም፣ ብርቄንም አንድ ላይ ሰበሰብኩና የሰማሁትን ዘረገፍኩት። እንደዚያን ቀን ደረቴን ነፍቼ አላውቅም። ብርቄ ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ መጣባት። ጎጎ ምንም አልደነቃቸውም።

«ዬቦ» አሉ፣ አዎን ማለታቸው ነው። «ታዲያ እኔ ምን አልኩ?»

ታደለ ልጅቱን አንሥቶ አቀፋት። ከዚያ ከስንት ጊዜ በኋላ ለሚስቱ በቀጥታ ተናገረ።

«ብርቄ፣ የእናትሽ ስም ይቅደም።»

አጠገቤ የተቀመጡት የዙሉ እናት ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰሙኝ። እዚያ ቤት ሁላችንም የምንፈራው አንዱ ስም ሌላውን እንዳያጠፋው ነበር፤ ሁለቱም እኩል አብረዋት አደጉ። ምረቃው አልቆ አስቴር ወደ እኛ ስትመጣ ብርቄ ብድግ ብላ እልልታዋን ለቀቀችው፤ እኚያ እናትም ተከትለው አቀለጡት። ከሁለቱ እልልታ የትኛው የማን እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። ጎጎ በሕይወት ቢኖሩ «ታዲያ እኔ ምን አልኩ?» ባሉን ነበር።