በዳገቱ በኩል ያለው መስኮት

«ነይ ውረጂ ልጄ፣ ጨለመ ዳገቱ…» ታንጎራጉርና ሁለተኛው ስንኝ ይጠፋባታል። እንደገና ከመጀመሪያው ትነሳለች።

የእንጦጦ እንጨት ለቃሚ ናት፤ ነጠላዋ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ይሸታል። በየካ ካየቻቸው ትምህርት ቤቶች በክፍያው የአቅሟ የሆነው ይኼ ትንሽ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ብቻ ነው። ልጅ ልናስመዘግብ የመጣን እኛ ሌሎቹ ወላጆች ስለ እንግሊዝኛው ስንጠይቅ፣ እሷ የልጇን እጅ ጨብጣ መስኮቶቹን ታያለች።

«ሲስተር፣ በጫካው በኩል እንዳያስቀምጧት። ሲጠሯት ትሄዳለች።»

«ማነው የሚጠራት?»

«ታላቅ እህቷ። ጭራሮ ለቀማ ወጥታ የቀረችው።»

መነኩሲቷ አልሳቁም። «እኛ ጋ ልጆቹ ጥቂት ናቸው፤ አንዷ ብትነሳ እናያታለን» ብለው በዳገቱ በኩል ያለውን መስኮት ዘጉት።

«የእናንተም ማርያም ያችው ናት አይደል?»

«ያችው ናት፣ እናቴ።»

እናትየዋ ልጅቷን ወንበር ላይ አስቀምጣ ዳቦ ቆረሰችላት፤ ራሷ ግን ቆማ ጠበቀች። ከተዘጋው መስኮት ወዲያ፣ ያ የጠፋባት ስንኝ በቀጭን የልጅ ድምፅ መጣ። ሁላችንም ሰማነው። ልጅቷ አፏን ዳቦ ሞልቶት ነበር፤ ቀና አላለችም።

እናትየዋ ያኔ ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ ተቀመጠችና፣ የተረፈውን ዳቦ ቀስ ብላ መብላት ጀመረች።