የሰው ጅምር የማይገዙት ወንድሜ

በ2014 ዓ.ም. እኔ ስድሳ ስድስት ዓመቴ ነበር። ታላቅ ወንድሜን አያ ነበር የምላቸው፤ አላህ ይዘንላቸው። መርሳ ከተማ ላይ የሱቅ ማስታወቂያ ስንጽፍ ነው ያረጀነው። እኔ ሰሌዳውን በነጭ እቀባለሁ፣ ፊደሉን እሳቸው ይጽፋሉ። እኔ ፊደል መጻፍ አይሆንልኝም።

ጦርነቱ ከእኛ ራቅ ሲል ሱቃችን ተዘርፎ ግድግዳው ብቻ ቀርቶ ነበር። አንድ ነጋዴ ያገለገለ የባነር ማተሚያ ማሽን በርካሽ ይዞ መጣ። እኔ ለመግዛት ቸኮልኩ። አያ ግን ጎንበስ ብለው ማሽኑ ውስጥ የቀረውን ባነር ሳቡት። የሠርግ ነው። ሙሽራዋ ታትማለች፣ ሙሽራው ገና ነው።

"ባለቤቱ የት ሄዶ ነው ያልጨረሰው?" አሉት።

"አባባ፣ እርስዎ ማሽኑን ይግዙ፤ ሠርጉ ምን አገባዎ?"

"የሰው ጅምር አልገዛም። የተቀማ ዕቃ ሐራም ነው።"

"አያ፣ ካልገዛን እኮ መዝጋታችን ነው" አልኳቸው።

"እንዝጋዋ።"

ከመንገዱ ማዶ ያለው ሰውዬ ገዛው። ደንበኛው ሁሉ ወደዚያ ዞረ፤ ዝርፊያውን ሲረግም የከረመውም ጭምር። አያ ብሩሻቸውን እያጠቡ ሥራ ሲጠብቁ ከረሙና በዚያው ዓመት ሞቱ።

የእህታችን ልጆች የአያን ፎቶ በትልቅ ባነር አሳትመው የለቅሶው ድንኳን ላይ ሰቀሉት። የት እንዳሳተሙት መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ መርሳ ውስጥ ያለው ማሽን ያው አንዱ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ባነሩን አወረድኩት። አንድ ሰሌዳ በነጭ ቀባሁ። ስማቸውን የሚጽፍልኝ ስለሌለ ባዶውን ሰቀልኩት።