የጸደቀች ሌላ ስም

ትናንት ከሰዓት በኋላ ስልኬ ላይ የደረሰው የልጄ መልእክት ስድስት ስሞች ይዞ ነበር። ኮምቦልቻ ከውጭ አገር ሰዎች ጋር የሚሠራው ይህ ልጄ፣ ሚስቱ ሰሞኑን ሴት ልጅ ወልዳለት፣ «እማዬ፣ አንዱን ምረጪልን፤ ሁሉም እንግሊዝኛ ተናጋሪን ግራ የማያጋቡ ናቸው» ይለኛል። መነጽሬን አድርጌ ቁልቁል ሳነብ፣ አራተኛው «ዴዚ» ይላል። ስልኩን ደፍቼ ተቀመጥሁ። እሱ ከመወለዱ በፊት ስለሞተችው አክስቱ ብዙ ነግሬው አላውቅም።

ታናሽ እህቴ ደሴ ከተማ ውስጥ፣ ከፒያሳ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር በነበረው ቤታችን ስትወለድ ከጭብጥ አትበልጥም ነበር። ከእሷ በፊት ሁለት ልጆች የቀበረችው እናቴ ስም ማውጣቱን ፈርታ፣ አርባ ቀን ሙሉ «ይቺ» እያለች ብቻ አጠባቻት። በአርባኛው ቀን ጎረቤታችን እትዬ ዘሀራ ሻሹን ገለጥ አድርገው ጉንጯን አዩና፣ «ማሻአላህ! እቺማ እንደ ችግኝ ጸደቀች!» አሉ። ስሟ በዚያው ወጣ።

አባቴ ፈረንጆች በሚሠሩበት ክሊኒክ አስተርጓሚ ነበር። ለክትባት ሲወስዳት ኮቱን ይዤ ተከትዬው ስለነበር፣ እንግሊዛዊቷ ነርስ ካርዱ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ከተጻፈው ስም ጋር ስትታገል በዓይኔ አይቻለሁ፤ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት፣ ከቲና ከኤስ፣ አንዱን ትታ ሌላውን ብትሞክር፣ ሁለቱንም አንድ ላይ ብትገፋቸው፣ «ቲሴ... ሴዴኬ...» ከማለት አላለፈችም። እኔ በሳቅ ሞትሁ፤ አባቴ ግን ጥፋቱ የእሱ ይመስል አንገቱን ደፋ። በመጨረሻ ነርሷ ፈገግ ብላ፣ «ዴዚ ብንላትስ? የአበባ ስም ነው» አለችው። ካርዱ ተቀየረ።

ማታ እራት ላይ፣ «ፈረንጅ የማይጠራው ስም ነገ በር ይዘጋባታል» አላት እናቴን።

«ፈረንጅ ነው እንዴ ያረገዛት?» አለችና ፊቷን አዞረች።

እህቴ እንዲህ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ሆና አደገች፤ ትምህርት ቤትና ሳሎን ዴዚ፣ ጓዳ ጸደቀች፣ በየትኛውም ቢጠሯት እየሳቀች አቤት የምትል። ውጭ አገር አልሄደችም። ቆላማዋ ሐርቡ ከተማ አስተማሪ ሆና ሳለ፣ በሃያ ሦስት ዓመቷ ወባ ገደላት።

ቀብሯ ላይ ወንጌላዊው አባቴ የጻፈውን የሕይወት ታሪክ ሲያነብ፣ «እህታችን ዴዚ» እያለ ነበር። እናቴ ለቅሶዋን አቋርጣ ወደ እኔ ዞረች። «የማንን ነው የሚያነበው? የእኔ ልጅ ተራዋ አልደረሰም?» አለችኝ። አባቴ ሰማት። ተነሥቶ ወረቀቱን ከወንጌላዊው እጅ ተቀበለና፣ ዴዚ ያለበትን ሁሉ ጸደቀች እያለ እስከ መጨረሻው ራሱ አነበበው። ከዚያ ቀን ወዲህ በቤታችን ውስጥ ከሁለቱ ስሞች አንዱንም የጠራ ሰው አልነበረም።

ዛሬ ሁሉም አልፈዋል። ማን ልክ እንደነበር የምከራከርበት ጉልበት የለኝም፤ አባቴም የፈራው ለእሷው ነው። ጠዋት ልጄ ደውሎ፣ «መረጥሽ?» ሲለኝ፣ «ከአራተኛው በቀር የወደዳችሁትን» አልሁት። ለምን ብሎ ጠየቀኝ፤ ነገርሁት። ሃያ ሦስት ዓመት የኖረች እህቴ በአምስት ደቂቃ ተነግራ አለቀች። ልጄም፣ «ድምጿ እንዴት ያለ ነበር፣ እማዬ?» አለኝ።

ብዙ አሰብሁ። አላስታወስሁም።